የዳርትሙር ክብ ጎጆዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ዴቨን ውስጥ፣ የጥንት ክብ ጎጆዎች የድንጋይ ቅሪት የሞላበት ዳርትሙር የሚባል ነፋሻማ ደጋ አለ። ከለንደንም ከብሪስቶልም የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ወዳጆቼን ይዤ ደጋግሜ ወጥቼበታለሁ። ጥያቄዎቻቸው ይመሳሰላሉ። አንዳንዶቹ ግን እዚያው አገር ተወልዶ ላደገ ሰው ትዝ የማይሉት ናቸው። አያቱ ቤት ጎጆ ውስጥ ያደረ ሰው ያንን ድንጋይ ሲያይ ወዲያው ምሰሶውን ይፈልጋል፤ መደቡን ይፈልጋል፤ «ጭሱስ በየት ነበር የሚወጣው?» ይላል። እስቲ ጥያቄዎቹን አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው።

ያ የድንጋይ ቀለበት ምንድን ነው? የበግ በረት ነው እንዴ?

ቤት ነው። በደንብ ለመናገር፣ ከቤቱ የተረፈው የግድግዳው የታችኛው ክፍል ነው። የተሠራው በነሐስ ዘመን፣ በአብዛኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ነው። የይሓ ቤተ መቅደስ ከመቆሙ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል ማለት ነው። ጣሪያው እንጨትና ሳር ስለነበር በስብሶ አፈር ሆኗል። የቀረው ክብ ሆኖ የተካበው ግራናይት ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም፤ አንዳንዱ ቦታ ከሳሩ ብቅ ያሉ ጥቂት ድንጋዮች ብቻ ይታያሉ።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ግድግዳው ላይ ተቀምጬ ሳንድዊች እየበላሁ «የታለ ታዲያ ቤቱ?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ስለዚህ በጠያቂው አልስቅም። ደግሞ በጎቹ ራሳቸው ከነፋስ ለመከለል እዚያ ውስጥ ይተኛሉ።

ስንት ናቸው?

ዳርትሙር ላይ የሚታወቁት ብቻ ወደ 5,000 ይጠጋሉ። አንዳንዱ ለብቻው የቆመ ነው። ሌላው አምስትም አሥርም ሆኖ ተሰባስቧል። በካብ ግቢ የታጠረም አለ።

እንዴት እዚህ ብቻ ተረፉ? ሌላው እንግሊዝ ሰው አልነበረበትም?

ነበረበት እንጂ። ግን ቆላው ላይ ግድግዳው ራሱ እንጨትና ጭቃ ነበር፤ ያ ይበሰብሳል። የቀረውን ደግሞ ማረሻ ለሦስት ሺህ ዓመት ሲገለባብጠው ኖሯል። እዚያ የሚገኘው ምሰሶ የቆመበት ጉድጓድ ነው፤ እሱንም የሚለየው ባለሙያ ነው።

ዳርትሙር ላይ ግን ሁለት ነገር ገጠመ። አንደኛ፣ ግራናይት መሬቱ ላይ ተበትኖ ይገኛል። ማሳህን ለማጽዳት ድንጋይ ታነሳለህ፣ ያነሳኸውን ትክባለህ። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ጥለውት ከሄዱ በኋላ አብዛኛውን ቦታ ደፍሮ ያረሰው የለም።

ከፍታው ግን እንዳያሳስታችሁ። የዳርትሙር ጫፍ 621 ሜትር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን «ደጋ» ሲሉት ፈገግ ይላል። አንድ ጊዜ ጥቅምት ላይ ወጥቶ ከአትላንቲክ የሚመጣው ዝናብ ከጎን ሲመታው ግን ፈገግታው ይጠፋል።

አንድ ቦታ ብቻ ማየት ብችል የቱን ልይ?

ግሪምስፓውንድ። ምንም ክርክር የለውም።

ሃምልዳውንና ሁክኒ ቶር በሚባሉ ሁለት ኮረብታዎች መካከል፣ 450 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከመኪና መንገዱ ሽቅብ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያስኬደው። 150 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የካብ ግቢ አለ፤ ውስጡ 24 የጎጆ ቀለበቶች አሉ። በግቢው ሰሜናዊ ክፍል ትንሽ ጅረት ያልፋል፤ ውኃ ቀድቶ ለመመለስ ሩቅ መሄድ አልነበረባቸውም። በሩ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። በእሱ ስትገቡ እግራችሁ የሚያርፈው የእነሱ እግር ካረፈበት ላይ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ግን ሁክኒ ቶር ጫፍ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩት። ከላይ ሲታይ መንደሩ ሙሉ በሙሉ ይገለጣል። ከውስጥ ሆኖ ላየው ግን ድንጋይ በድንጋይ ነው።

ስሙ ደግሞ አስቂኝ ነገር አለው። ግሪም የድሮዎቹ አንግሎ ሳክሶኖች ዎደን ለሚሉት አምላካቸው የሰጡት ሌላ ስም ነው። «ፓውንድ» ማለት ደግሞ የከብት ማጎሪያ ነው። ስለዚህ የቦታው ስም ራሱ «የግሪም በረት» ማለት ነው። «የበግ በረት ነው እንዴ?» ያላችሁ ሰዎች፣ ስሙን ያወጡትም እንደናንተ ነው ያሰቡት።

ያ ሁሉ ግንብ ለጦርነት ነው?

አይመስልም። ቦታውን ብቻ ማየት ይበቃል። ግቢው ያለው በሁለት ኮረብታ መሃል ነው፤ ጠላት ከላይ ሆኖ ድንጋይ ሊያንከባልልበት ይችላል። ትልቁ በር የሚከፈተውም ሽቅብ ወደ ኮረብታው ነው። ምሽግ የሚሠራ ሰው እንዲህ አያደርግም። ከብት ወደ ግጦሽ አውጥቶ ማታ የሚመልስ ሰው ግን እንዲህ ያደርጋል። ተኩላና ድብም በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ነበሩ።

ለምን ክብ አደረጉት?

ነፋስ ክብ ነገርን የሚመታበት ጥግ አያገኝም። የሾጣጣ ጣሪያ ክብደት ዙሪያውን እኩል ይከፋፈላል። መሃል ያለው ምድጃ ሙቀቱ ለሁሉም ይደርሳል። ለጎጆ ሠሪ ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ጣሪያው ምን ይመስል ነበር? ጭሱስ?

ይህ የምወደው ጥያቄ ነው።

ግድግዳው ድርብ ካብ ነው። ከውስጥና ከውጭ ትላልቅ ድንጋይ ተደርድሮ መሃሉ በአፈርና በጠጠር ይሞላል፤ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ከውስጥ በኩል ቋሚዎች ይተከላሉ። ወራጆቹ ከግድግዳው ተነስተው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ፣ በማገር ይታሰራሉ፣ ከላይ ይከደናል። ክዳኑ ሳር፣ ሸምበቆ ወይም ከነሥሩ የተገመሰ የሣር መሬት ሊሆን ይችላል፤ ዳርትሙር ላይ ራሱ ክዳኑ ስላልተረፈ በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ።

ጭሱን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ጉልላቱ ላይ ቀዳዳ የነበረ ይመስለዋል። በ1972 ፒተር ሬይኖልድስ የተባለ አርኪዮሎጂስት በሃምፕሻየር በትሰር የሚባል፣ የጥንቱን የሚመስል የሙከራ እርሻ መሠረተ። እዚያ ክብ ቤቶችን እንደ ጥንቱ ሠርተው እሳት አንድደው ሞከሩ። ከሙከራው የተማሩት እንዲህ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ከተተወ አየሩ እሳቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ፍንጣሪው ሳሩን ይይዘውና ቤቱ ይነዳል። ቀዳዳ ከሌለ ግን ጭሱ ከላይ ተንሳፍፎ በሳሩ መሃል ቀስ እያለ ይወጣል። የተቀመጠ ሰው ከጭሱ በታች ነው። ነፍሳትም ይሸሻሉ፣ ክዳኑም ይደርቃል፣ የተሰቀለ ሥጋም ይታጠናል።

ይህን ሳወራ አንድ ጊዜ አብረውን የነበሩ ጎጃሜ እናት አቋረጡኝ። «ታዲያ ይሄ ምርምር ይፈልጋል?» አሉ። ምን ልበላቸው?

ከእኛ ጎጆ ጋር ዝምድና አለው?

የዘር ወይም የታሪክ ዝምድና የለውም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ነፋስና ዝናብ ያለበት ደጋ ላይ ድንጋይ፣ እንጨትና ሳር ብቻ ይዞ ቤት የሚሠራ ሰው የትም ቢሆን ተመሳሳይ መልስ ላይ ይደርሳል። ላሊበላ የሄደ ሰው ፎቅ ያላቸውን የድንጋይ ክብ ቤቶች አይቷል። እነሱ ከዳርትሙሮቹ በጣም ይረዝማሉ፣ በጣም ይራቀቃሉም። ልዩነቱን ማየት ራሱ ጥሩ ነው፤ የዳርትሙሩ ግድግዳ አጭር ስለነበር ክዳኑ ወደ መሬት የሚጠጋ ባርኔጣ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ውስጡስ? ጠባብ አይደለም?

ይለያያል። ግሪምስፓውንድ ላይ ብዙዎቹ ከውስጥ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ከዚህ ብዙ የሚሰፉ አሉ። ደግሞ 24 ቀለበት አለ ማለት 24 አባወራ ነበረ ማለት አይደለም። አንዱ ጎተራ፣ አንዱ የጥጃ ቤት፣ አንዱ ማብሰያ ሊሆን ይችላል። ልጅ አድጎ ጎጆ ሲወጣ አዲስ ይሠራለታል፤ የአያት ቤት ባዶ ይቀራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭስ ያልነበራቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

በሩ በብዛት ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከምዕራብ ለሚመጣው ነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። ግሪምስፓውንድ ላይ አንዱ ቤት ከበሩ ፊት የታጠፈ የድንጋይ መከለያ አለው፤ ነፋሱ በቀጥታ እንዳይገባ። ተሸሸጉበት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ውስጡ ምድጃ አገኙ። ከዳገቱ በኩል ደግሞ በድንጋይ የታጠረ ከፍ ያለ ወለል አገኙ። መኝታ ነው አሉት። መደብ በሉት እናንተ። በእሳት የተሰነጣጠቁ ጠጠሮችም ተገኝተዋል፤ ድንጋይ አግለው ውኃ ውስጥ በመክተት ያፈሉ ነበር ተብሎ ይታመናል። ሸክላቸው በቀጥታ እሳት ላይ ሲጣድ ቶሎ የሚሰነጠቅ ከነበረ ብልህ ዘዴ ነው። የድንጋይ ወፍጮም በዳርትሙር ቁፋሮዎች ውስጥ አለ፤ ከፊት ለፊቱ ተንበርክከው የሚፈጩበት ዓይነት።

በምን ይተዳደሩ ነበር?

በዋናነት በከብትና በበግ። እህልም ነበራቸው፣ ግን ከጥንቱ አፈር የሚገኘው የአበባ ብናኝ በብዛት የሚያሳየው ግጦሽ ነው።

ሾ ሙር በሚባለው ክፍል በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲቆፈር፣ ጭቃ ላይ የታተመ የከብት፣ የበግና የፈረስ ኮቴ ተገኘ። ንጉሥ አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፤ አንድ ዝናባማ ቀን እንስሳት ሲነዱ ያለፉበት ጭቃ። እኔን ከየትኛውም ቤተ መዘክር ዕቃ በላይ ይህ ነው የገረመኝ።

ሌላው የመሬት ነገር ነው። ዳርትሙር ላይ ሪቭ የሚባሉ ዝቅ ያሉ ረጃጅም የድንጋይ ካቦች አሉ። ለረጅም ጊዜ ብዙዎች የመካከለኛው ዘመን መንገድ ወይም ድንበር አድርገው ያዩዋቸው ነበር። አንድሩ ፍሌሚንግ የተባለው አርኪዮሎጂስት በ1970ዎቹ እየተከተለ ሲመዘግባቸው ግን የነሐስ ዘመን የመሬት ክፍፍል ሆነው ተገኙ። ኮረብታ ወጥተው፣ ሸለቆ ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው ያንኑ አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን አንድ ቤተሰብ አይሠራውም። ተሰብስቦ የመከረ፣ የተከራከረ፣ ገመድ የጣለ ማኅበረሰብ ነው። የድንበር ጠብ የሚያውቅ ሰው እዚያ ካብ አጠገብ ቆሞ ስንት ሽማግሌ እንደተቀመጠበት መገመት ይችላል።

ሰዎቹስ የታሉ? አጥንት አልተገኘም?

የዳርትሙር አፈር አሲድ ነው። አጥንት ይበላል። ቆዳ፣ ልብስ፣ ቅርጫት ሁሉ ይጠፋል። ድንጋይ፣ ሸክላና ከሰል ይቀራል። ለዚህ ነው ቤታቸውን ከእነሱ ይልቅ የምናውቀው።

ከዚህ ለየት ያለ አንድ ትልቅ ግኝት ግን አለ። ዋይትሆርስ ሂል የሚባል ቦታ፣ 600 ሜትር ገደማ ላይ፣ ፒት በሚባለው ጥቁር የረግረግ አፈር ውስጥ የተቀበረ የድንጋይ ሣጥን በ2011 ተከፈተ። ፒት አየር አያስገባም፤ ስለዚህ ሳይበሰብስ ቆይቷል። ውስጡ የተቃጠለ የሰው አጥንት ነበር፤ ዕድሜው ከ15 እስከ 25 የሚገመት ወጣት። አጥንቱ በድብ ቆዳ ተጠቅልሏል። አጠገቡ የተሰፋ ቅርጫት አለ፣ ከ200 በላይ ዶቃ አለ፤ ከዶቃዎቹ የአምበር ይገኝበታል፣ አንዱ ደግሞ የቆርቆሮ ነው። ከከብት ፀጉር ተጎንጉኖ በቆርቆሮ ያጌጠ አምባርም አለ። ከሳማ ክርና ከቆዳ የተሠራ መታጠቂያም እንዲሁ። ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 1700 አካባቢ ነው፤ ከአብዛኞቹ ጎጆዎች ቀደም ይላል። ጎጆዎቹን ባዶ ድንጋይ ብቻ አድርገን ስናስብ ውስጣቸው ምን ያህል ጥልፍ፣ ቅርጫትና ጌጥ እንደነበረ የሚያስታውሰን ይህ አንድ መቃብር ነው።

ታዲያ ለምን ጥለውት ሄዱ?

ባንድ ሌሊት አልሄዱም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት አየሩ እየቀዘቀዘና እየረጠበ ሄደ። ዛፉ ተመንጥሮ ነበር። ዝናቡ የአፈሩን ለምነት አጥቦ ወሰደው፣ ፒቱም እየሰፋ መጣ። ሳሩ ሲሳሳ ከብቱ ይከሳል፤ ከብቱ ሲከሳ ሰው ቁልቁል ያያል። አንዳንድ ተመራማሪዎች አየሩ ብቻውን አይበቃም፣ የኑሮውና የመሬት አያያዙ ለውጥም አለበት ይላሉ። እኔም ወደነሱ ነኝ። ገበሬ መሬቱን የሚለቀው በአንድ ምክንያት ብቻ ሲሆን አላየሁም።

የድሮዎቹ ቆፋሪዎች አበላሹት ይባላል። እውነት ነው?

በከፊል። በ1894 ግሪምስፓውንድን መቆፈር የጀመረው ሴቢን ቤሪንግ ጎልድ የተባለ ቄስና ሮበርት በርናርድ የነበሩበት ኮሚቴ ነው። ለጊዜው ጎበዞች ነበሩ፤ ይመዘግቡ ነበር። ግን በአካፋ ቶሎ ቶሎ ነው የሄዱት። የከሰሉን ዕድሜ የሚለካው የካርቦን ዘዴ ሊመጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀረው ነበር፣ እነሱ ደግሞ ብዙውን ምድጃ ጠርገውታል። ከዚያ ግድግዳዎችን መልሰው አቆሙ። ስለዚህ ግሪምስፓውንድ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ስታዩ ያቆመው የነሐስ ዘመን ሰው ላይሆን ይችላል። ጥገናውን በጊዜውም የተቃወሙ ነበሩ።

የጎጆ ቀለበትን ከሌላው የድንጋይ ሥራ በምን ልለየው?

ቅርጹን እዩ። አራት ማዕዘን ከሆነ የነሐስ ዘመን ጎጆ አይደለም። ሃውንድ ቶር ሥር ያለውን መንደር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ እሱ ረጃጅም ቤቶች ያሉት የመካከለኛው ዘመን ነው። ትንንሽ አራት ማዕዘን ፍርስራሾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቆርቆሮ ማዕድን ቆፋሪዎች መጠለያ ናቸው።

ክብ ከሆነ በር ፈልጉ። ግድግዳው ተከትሎ መጥቶ ከተቋረጠ፣ በሁለቱም ወገን እንደ መቃን የቆመ ድንጋይ ካለ፣ ቤት ነው። ድንጋዮቹ ተራርቀው ለየብቻ ከቆሙ የሥርዓት ቦታ ነው። መሃሉ የተቆለለ ከሆነ መቃብር ይሆናል።

መቼ ልሂድ?

በክረምታቸው መጨረሻ ወይም በጸደይ መግቢያ። በበጋቸው ፈርን የሚባል ቅጠላማ ተክል እስከ ደረት ያድግና ቀለበቱን ይውጠዋል። የካቲት ላይ ፈርኑ ወድቋል፤ ፀሐይዋም ዝቅ ስላለች እያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ይጥላል። ጉም ግን ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ካርታ ያዙ፤ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። በሰሜኑ ክፍል ወታደሮች የተኩስ ልምምድ ያደርጋሉ። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ አትግቡ።

ትንሽ ድንጋይ ለማስታወሻ ብወስድስ?

አይሆንም። ብዙዎቹ ቦታዎች በ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ድንጋይ ማንሳት፣ መቆፈር፣ ያለ ፈቃድ የብረት መፈለጊያ ይዞ መዞር ወንጀል ነው። ቀለበቱ ውስጥ እሳትም አታንድዱ፤ ቡናችሁን በፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያምር ጠጠር አግኝታችሁ ሌላ ድንጋይ ላይ መቆለልም ተዉ። ጥሩ እየመሰላቸው ይህን የሚያደርጉ አሉ።

መግቢያው ስንት ነው? መጸዳጃ ቤትስ አለ?

ግሪምስፓውንድ መግቢያው ነፃ ነው፤ በር የለውም፣ ዘበኛ የለውም። መጸዳጃ ቤትም የለውም። ከመውጣታችሁ በፊት ዋይድኮም ወይም ፖስትብሪጅ ላይ ጉዳያችሁን ጨርሱ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቋቸው።